ክንድ ላይ ብቻ የሚሄድ ሰዓት

የሰው አማት ማር ይልካል፣ ሙክት ይልካል። የእኔ አማት ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የላኩልን የተሰበረ ሰዓት ነው።

ያመጣው ዋጋሪ ነበር፤ የባሌ የደረሳ የአጎት ልጅ ነው፣ ከአርጆ ነቀምቴ ቡና ያመላልሳል። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለችው ቤታችን ገባና ከኮቱ ኪስ መሀረብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። የእጅ ሰዓት ነው። አማቴ ወይፈን ሲያስሩ ቀንዱ ክንዳቸው ላይ አርፎ መስታወቱን አድቅቆታል። ስብርባሪው ከጠቋሚዎቹ ጋር ተደባልቆ፣ አንዱ ጠቋሚ ወደ ላይ ተቀስሯል።

"አባባ ምን አሉ መሰላችሁ" አለ ዋጋሪ። "'ደረሳ ራሱ ይክፈተው። ሰዓት ሠሪ ዘንድ እንዳይወስደው፣ ሰዓት ሠሪ የውስጡን ዕቃ ይለውጣል። ሲያልቅ እኔው መጥቼ እወስደዋለሁ' ብለዋል።"

ደረሳ ከዚያ ሁሉ ቃል የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

"መጥቼ? እዚህ ቤት?"

"እዚህ ቤት" አለ ዋጋሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ምንትዋብ የመሪጌታ ዓምደሚካኤል ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ የድጓ ሰው ነው፤ እኔ ግን ነቀምቴ ተወልጄ፣ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር እየፈጨሁ የለመድኩ ነኝ። ደረሳ የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ነው። ሲያጨኝ በአገሩ ወግ አባቱ ሽማግሌ መላክ ነበረባቸው። እሱ ግን "መሪጌታ የሚሲዮን ሰው ደጃፌን አይረግጥም ብለው አባቴን ቢያዋርዱብኝስ" ብሎ ፈራና ርእሰ መምህሩን ላከ። አባቴ ሦስቴ ተቆጥቶ በአራተኛው እሺ አለ። የደረሳ አባት ግን ልጃቸው ማግባቱን የሰሙት ከአርጆ ገበያ ነው። ሰው ልጁ ማግባቱን ከጨው ነጋዴ አፍ ሲሰማ ምን ይሆናል? እሳቸውም ያንኑ ሆኑ። ሠርጋችን ላይ አልመጡም፣ ከዚያም በኋላ አልመጡም። አርጆ ደግሞ "የደብተራ ልጅ ናት፣ አንድ ነገር አጠጥታው ነው እንጂ ደረሳ እንዲህ አልነበረም" ተባለ። እኔ ያጠጣሁት ሻይ ነው፤ እሱንም ስኳር የሚያበዛው ራሱ ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ ከተሠራ አማቴ ቤቴ ይገባሉ፣ እንጀራዬን ይቆርሳሉ። ካበላሸነው አርጆ ያወራው ሁሉ እውነት ሆኖ ይቀራል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ደረሳም ያውቃል፣ ዋጋሪም ያውቃል። የማያውቀው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

ደረሳ በካርቶን ላይ የመስታወቱን ክብ ልክ ቆርጦ፣ የክዳኑንም ልክ ቆርጦ፣ ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ለባቻ ሰጠው። ባቻ ሲመለስ የክብሪት ቀፎ አመጣ። ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለ አዲስ መስታወት፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ጥቁር የጎማ ቀለበት አለች። ጎሚኒ ይሏታል፤ ከጀርባ ክዳኑ ሥር ገብታ ውሃና አቧራ የምትከለክለው እሷ ናት።

"ሻጩ ምን አለ መሰለህ" አለ ባቻ። "'ጎሚኒዋን ደረቋን እንዳይከቷት። ስስ ቅባት ንክት ያድርጉባት፣ አለዚያ ክዳኑ ሲጠብቅ ትበጠሳለች' አለ።"

እሑድ እሱ ከእሱ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔም ከእኔ ተመልሰን፣ ሰፊውን የብረት ትሪ ጠረጴዛው ላይ አደረግንና ሥራ ጀመርን። ትሪው የእኔ ሐሳብ ነው፤ የወደቀ ብሎን ከወለል ምንጣፍ ሥር ስፈልግ መክረም አልፈልግም። ደረሳ ተማሪ ክብ የሚያሠራበትን ኮምፓስ ወስዶ፣ ሁለቱን እግሮች በክዳኑ ቀዳዳዎች ከቶ ጠመዘዘ። አልሄደለትም። ምላሱን አውጥቶ ጠመዘዘ። ሄደለት። አሮጌው ጎሚኒ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። በወረንጦ እየለቀምኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወረንጦ እሾህ ለማውጣት ነው ብዬ ነበር የማውቀው።

ከዚያ የሰዓቱን ሞተር ቀስ ብሎ አወጣና በሻይ ብርጭቆ ከደነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ መንኮራኩር ወዲያ ወዲህ ስትል ሳይ ደነገጥኩ፤ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ክንዱ ላይ ይህን ይዞ ነው የሚዞረው። ደረሳ የሰዓቱን ቀፎ በለስላሳ ጨርቅ ወለወለ፤ አዲሱን መስታወት በቦታው አስቀምጦ፣ ክሩ ያለቀ የስፌት ክር ማጠንጠኛ ከላይ ደፍቶ በመዳፉ ተጫነው። ጧ! አለ።

"ሰበርከው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ገባ እኮ ነው" አለ። እውነትም ገብቷል።

የቀረችው ጎሚኒዋ ናት። "ቅቤ አምጪ" አለኝ።

"ቅቤ ለምን?"

"ቅባት ተብሏል አይደለም እንዴ?"

"ከጋራዥ ግሪስ ለምን አትጠይቅም?"

"የመኪና ግሪስ አባቴ ሰዓት ውስጥ? ሰው ምን ይለኛል? አባቴ ጠመንጃቸውን የሚወለውሉት በቅቤ ነው። አዲስ ጠፍር በቅቤ ይታሻል፣ አዲስ ዋንጫ በቅቤ ይሟሻል፣ ሙሽራ በቅቤ ትቀባለች። እኛ ቤት ያልተቀባ ነገር ሥራ አይጀምርም።"

ምን ልበል? አባቱን የሚያውቅ እሱ ነው። ለጋውን ቅቤ በሲኒ ማስቀመጫ አመጣሁለት። በጣቱ ጫፍ ዛቀ።

"ስስ ተብሏል" አልኩት።

"ስስ ነው" አለ። የደረሳ ስስ እኔ ገንፎ መሀል የምጨምረውን ያህል ነበር። ጎሚኒዋን አሽቶ አሽቶ በቦይዋ አስተኛት፣ ክዳኑን ጠመዘዘ፣ የተረፈውን ቅቤ በጨርቅ ጠርጎ ሰዓቱን ሞላው። ጆሯችን ላይ አደረግነው። ይሄዳል። መስታወቱም ጥርት ብሎ ምንጭ ይመስላል። ደረሳ ብድግ አድርጎ አሽከረከረኝ፤ ከአባቱ ጋር የታረቀ ያህል ነበር ደስታው። ወዲያው ለዋጋሪ "ሰዓቱ አልቋል፣ ይምጡ" ብሎ ላከ።

ግራ መጋባቱ የጀመረው በማግስቱ ነው። ማታ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ሰዓት ጠዋት ቆሞ አገኘነው። "ማታ ሳልሞላው ቀርቼ ነው" አለ ደረሳ። ሞላው፣ ክንዱ ላይ አሰረው፣ ትንሽ ቆይቶ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ደወል ጋር እኩል ዋለ። ማታ ሞልቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ጠዋት ቆሟል።

መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ቆመ። ምስማር ላይ ሰቀልነው፤ ቆመ። ደረሳ አስሮት ሲተኛ ሄደ። እኔ ከነጠላዬ ሥር አስሬው ገበያ ስሄድ ሄደ። ገበያ ደርሼ ተመልሼ ፈትቼ መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ጥቂት ተንፈራገጠና ዝም አለ። ደረሳ ራሱን ይዞ "ሰው ካልያዘው አይሄድም ማለት ነው?" አለ። እኔ ምን አውቄ! የእኔ ራስም ዞሯል። ሲጀመር ሰዓት ሰውን ያዛል እንጂ ሰው ተሸክሞት ካልዞረ የሚያኮርፍ ሰዓት የት አገር አለ?

ጓሮ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ነበረችኝ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ሰዓቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ክንፏ ሥር ሸጎጥኩት። ጠዋት እጄን ሰድጄ ሳወጣው፣ ዶሮዋ ነከሰችኝ፣ ሰዓቱ ግን ቀጭ ቀጭ ይላል። ደረሳን ጠራሁት። ሁለታችንም ዶሮዋን ቆመን አየናት።

"ነፍስ ያለው ነገር ይፈልጋል" አልኩ። የዚያን ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። ይህን አማቴ ቢያውቁ ምን እንደሚሉ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ልጃቸውን አጠጥታ የወሰደች የደብተራ ልጅ አሁን ደግሞ ሰዓታቸው ላይ ደገመችበት።

አባቴ ዘንድ ሮጥኩ። በረንዳ ላይ ብራና እየፋቀ ነበር። ሰዓቱን ከክንዴ ፈትቼ ልሰጠው ስል እጁን ሰበሰበ።

"እኔ የማውቀው የጸሎት ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ቆሞ አያውቅም" አለኝ።

"አባዬ፣ ዶሮ ሥር ይሄዳል እያልኩህ!"

ብዙ ካሰበ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለመሆኑ ይህን ለማን ተናግረሻል?" አለ። ለማንም አልኩት። "እንግዲያው አፍሽን ያዢ። አርጆ ይህን ከሰማ እኔም አንቺም አለቀልን" አለና ብራናውን መፋቅ ቀጠለ። ስወጣም አማተበ፤ በእኔ ይሁን በሰዓቱ አላወቅሁም።

ከዚያ ዋጋሪ መጣና "አባባ በቅዳሜ ገበያ ይመጣሉ" አለ።

"እውነቱን እንንገራቸው" አልኩት ደረሳን።

"ምኑን ነው የምንነግራቸው? እኛ ራሳችን ምን አውቀን?" አለ። "አባቴ ሰዓት አያወልቁም። ሲተኙም አያወልቁም። እኔ አስሬው እቆያለሁ፣ ሲመጡ ከክንዴ ወደ ክንዳቸው። በቃ።"

"አውልቀው ቢያስቀምጡትስ?"

"አያወልቁም አልኩሽ።"

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ፀሐይዋ ወጥታ እንኳ ቤቱ አልሞቀም። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባል የለ፣ ዶሮ አርጄ ወጥ ሠራሁ፤ የታቀፈችውን አይደለም። አማቴ በበቅሎ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጢማቸውን አሳጥረው የቆረጡ፣ ካፖርት የደረቡ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

"አካም ጅርቱ አባኮ?" አልኩ፣ እንደምን አሉ አባቴ ማለቴ ነው።

"ፈያዳ" አሉ፤ ለደረሳ ነው የመለሱት። ደኅና ነኝ በላት እንደማለት። ዓይናቸው በእኔ ላይ አላረፈም። ከዚያ በኋላም ስለ እኔ ሲናገሩ "እሷ" እያሉ ነው፤ "እሷ ኦሮምኛ ትሰማለች?" ይላሉ እኔ አጠገባቸው ቆሜ። ቢሆንም ገብተዋል፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል።

ደረሳ ሰዓቱን ከክንዱ ፈታ። አማቴ ተቀብለው በብርሃን አዩት፣ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ፈካ። "ኢልማኮ" አሉ፣ ልጄ። ይህን ቃል ደረሳ ከሠርጋችን ወዲህ አልሰማውም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰዓቱ ክንዳቸው ላይ ታሰረና ስለ ከብት፣ ስለ ቡና፣ ስለሞተውና ስለተወለደው ተጨዋወቱ። እኔ እምድጃው ዘንድ ሆኜ "በቃ አለፈልን" አልኩ።

ማዕድ ቀረበ። ማስታጠቢያውን ይዤ ቀረብኩ። አማቴ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ሰዓቱን መፍታት ጀመሩ።

"አያውልቁት!" አልኩ ሳላስበው። "ውሃ አያስገባም።"

አማቴ ወደ ደረሳ ዞሩ። "ውሃ ባያስገባስ፣ አዲስ መስታወት ወጥ ላስነካው ነው?" አሉና ፈትተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ድንጋዩ መስኮት ላይ፣ ያ ሁሉ ነፋስ በሚገባበት።

ደረሳን አየሁት። እሱም አየኝ። የሁለታችንም ዓይን መስኮቱ ላይ ነው። ውሃውን አፍስሼ እንደተመለስኩ፣ ፎጣ የማነሣ መስዬ ሰዓቱን አፈፍ አደረግሁና በግራ እጄ ጨበጥኩት። ሞቅ አድርጌ ጨበጥኩት። መዳፌ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። እሰየው።

እሰየው ያልኩት ወጥ ማውጣቱን እስካስታውስ ነው። አማት በአንድ እጅ አይስተናገድም። እንጀራ በሁለት እጅ ነው የሚጨመረው፣ ጭልፋ ሲያዝ እንኳ ሌላው እጅ ክንድን ይደግፋል። እኔ ግራ እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ በቀኜ ብቻ እጨልፋለሁ፣ በቀኜ ብቻ አቀርባለሁ። ጠላውንም በአንድ እጅ ሰጠኋቸው። አማቴ አንዴ አለፉኝ፤ ሁለተኛውን ጊዜ የጎረሱትን ሳይውጡ ቆዩ።

"ግራ እጇ ምን ሆኗል?" አሉ ለደረሳ።

ደረሳ ወጡን ያያል።

"ታማለች?"

"የለም አባባ፣ እሷ..." ብሎ ቀረ። መምህር ነው እንግዲህ፤ ክፍል ውስጥ ቃል አጥቶ አያውቅም።

አማቴ መስኮቱን አዩ። ሰዓቱ የለም። ቀስ ብለው እጃቸውን ከገበታው አነሱ። "ሰዓቴን ምን አደረገችው?" አሉ። ድምፃቸው አልጎላም፤ እንዲጎላ በተመኘሁ። "የሚባለውን ሁሉ አላመንኩም ነበር። ሰው ያወራል ብዬ ነው የመጣሁት።"

በዚህ ጊዜ የእኔም ነገር ገነፈለ። ፍርሃቱም፣ ዶሮዋም፣ "እሷ እሷ" መባሉም አንድ ላይ መጣ።

"እዚህ ነኝ እኮ!" አልኩ በኦሮምኛ። "ፊትዎ ቆሜያለሁ፣ እኔኑ ይጠይቁኝ!" እጄን ከነጠላዬ አውጥቼ ከፈትኩ። ሰዓቱ መዳፌ ላይ ይሄዳል። "ይኸውልዎ። የደበቅሁት እንዳይቆም ነው። ሰው ሲይዘው ይሄዳል፣ ሲያስቀምጡት ይቆማል። መደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ መሳቢያ ውስጥ ይቆማል። ዶሮ ሥር ይሄዳል። አዎ፣ ዶሮ ሥር አድርጌዋለሁ! ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጅዎም አያውቅም፣ አባቴም አያውቅም። የማውቀው ቢኖር ምንም አለመደገሜን ነው። ልጅዎንም ምንም አላጠጣሁትም። ያመኑኝ እንደሆነ ይመኑ፣ ካላመኑኝም ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይብሉ!"

የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ደረሳ ወዙ ጠፍቷል።

አማቴ እጃቸውን ታጥበው ሰዓቱን ከመዳፌ አነሡ። ገበታው ጥግ ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ሦስታችንም ጠበቅን። እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ቆመ። አነሡት፣ በሁለት መዳፋቸው መሀል አደረጉት፣ አቀፉት። ጥቂት ቆይቶ ነፍስ ዘራ። ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ። "ኩን ማሊ?" አሉ፣ ይህ ምንድን ነው። እንደገና አስቀመጡት፤ እንደገና ቆመ። እሳቸውም እንደ እኛው ግራ ገባቸው። አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

"ክፈተው" አሉት ደረሳን።

ደረሳ በኮምፓሱ ክዳኑን ጠመዘዘ። ገና ሲነሣ ሽታው ቤቱን ሞላው። የቆየ፣ የኮመጠጠ የቅቤ ሽታ። ክዳኑ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር ረግቷል፤ ከጎሚኒዋ ሥር ተነሥቶ፣ ቀልጦ፣ ወርዶ፣ በየመንኮራኩሩ ጥርስ ገብቷል። አማቴ በጥፍራቸው ነካ አድርገው በሁለት ጣታቸው አሹት። እዚያው በጣታቸው ሙቀት ቀለጠ።

"ዳዳ!" አሉ። ቅቤ!

አየሁት፣ ደረሳም አየው። ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፣ ሞተሩን ይይዛል። ክንድ ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ይለቀዋል። ዶሮዋም፣ መስኮቱም፣ መደርደሪያውም በአንድ ጊዜ ተገለጡልኝ። ቅቤ ሲረጋ አይቼ የማላውቅ ይመስል ያን ሁሉ ቀን ስርበደበድ! በራሴ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፣ ግን ማን ይድፈር።

"ይህን የቀባው ማን ነው?" አሉ አማቴ።

"እኔ ነኝ" አለ ደረሳ። "እርስዎ ጠመንጃዎን በቅቤ ይወለውሉ የለ? ስስ ቅባት ሲባል... ሌላ ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ለእርስዎ ሰዓት ሌላ ነገር አልሆነልኝም።"

"እኔም ብሆን ቅቤ ነበር የምቀባው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። "አርጆ ሁሉ አጠጣችው፣ አጠጣችው ሲል" አሉ፣ ሳቁ አላስጨርሳቸው ብሎ፣ "ለካ ያጠጣችሁት ሰዓቱን ኖሯል!"

ሳቅን። ደረሳ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፣ እኔም ማስታጠቢያውን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እንባው ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ወራት የዋጥኩት ነው የወጣው። አማቴ አዩኝ። አላፈርኩም።

ወጡን በሉ። ቀዝቅዞም በሉት፣ አስጨመሩም። ያን ጊዜ በሁለት እጄ ነው ያቀረብኩት።

በቅሎዋ ስትጫን ደረሳ ሰዓቱን በመሀረብ ጠቅልሎ ይዞ "በቤንዚን አጥቤው፣ ጎሚኒውን ለውጬ፣ በሚቀጥለው ዕረፍቴ አርጆ አመጣልዎታለሁ" አለ።

"አንተ አይደለህም የምታመጣው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በቀጥታ ወደ እኔ። "አንቺ ነሽ የምታመጪልኝ። በክንድሽ አስረሽ።"

"አባባ፣ ከታጠበ በኋላማ በኪስም ይሄዳል፣ በሣጥንም ይሄዳል" አለ ደረሳ። የእኔ ባል አንዳንድ ነገር ቶሎ አይገባውም።

"በክንዷ አልኩ።" በቅሎዋ ላይ ወጡና ልጓሙን ሰበሰቡ። "የአርጆ አውቶቡስ ላይ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም። ያን ሰዓት የማያውቅ ደግሞ የለም። የማን ነው ብለው ይጠይቁሻል።"

"ምን ልበላቸው?" አልኩ።

"የአባቴ ነው በያቸው" አሉና በቅሎዋን ኮለኮሉ።